የጄን ኦስተን «ክፍል ሁለት»

«ክፍል ሁለት» የሚባል ነገር አልወድም። የመጀመሪያው ፊልም በወጉ ጨርሶ ያሰናበተንን ታሪክ እንደገና ይቀሰቅሱና፣ የታረቁትን አጣልተው፣ የተቃቀፉትን አለያይተው፣ ሁለት ሰዓት ካንከራተቱን በኋላ መልሰው የተነሳንበት ቦታ ላይ ያወርዱናል። ለአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው ባይ ነኝ። «ብሪጅት ጆንስ፦ ዘ ኤጅ ኦፍ ሪዝን» የተሰኘውን የፍቅር ኮሜዲ ያየሁትም ይህንኑ ቅሬታ ይዤ ነበር። ሳቅሁ፤ አልዋሽም። ግን ሳቄን ሳልጨርስ ረሳሁት።

ላላያችሁት ታሪኩ እንዲህ ነው። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳይሬክተሯ ቢባን ኪድሮን ናት። መነሻው ሔለን ፊልዲንግ በ1999 ያሳተመችው ልብ ወለድ ነው። ሬኔ ዜልዌገር የምትጫወታት ብሪጅት ሠላሳዎቹን የያዘች፣ ለንደን ውስጥ በቴሌቪዥን ሥራ የምትተዳደር፣ ኪሎዋንና ያጨሰችውን ሲጋራ በማስታወሻ ደብተሯ የምትመዘግብ፣ በሄደችበት የምትደናቀፍ ሴት ናት። በ2001 በታየው የመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ ላይ ኮስታራውን የሰብዓዊ መብት ጠበቃ ማርክ ዳርሲን በበረዶ መሐል ስማ ተሰናብታን ነበር። በሁለተኛው ትቀናለች፤ ትጠረጥራለች፤ ትለየዋለች። ለሥራ ወደ ታይላንድ ትሄድና ሻንጣዋ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ ተገኝቶ ወህኒ ትወርዳለች። እዚያም ለሴት እስረኞች የማዶናን ዘፈን ታስጠናለች። ለመፈታቷ ላይ ታች የሚለው ያው የተለየችው ማርክ ነው። ሐያስያን ፊልሙን ብዙም አልራሩለትም፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነበርኩ።

ታዲያ ከጊዜ በኋላ «ፐርስዌዥን» የተባለ የቆየ የእንግሊዝ ልብ ወለድ እጄ ገባ። ርዕሱ አግባብቶ ማሳመን እንደማለት ነው። ግማሹ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። በወዳጅ ምክር የምትወደውን ሰው የለቀቀች ሴት፤ ያ ሰው ሌላ ሴት አጠገብ ሆኖ ስታየው የምትቃጠል፤ ዕድሉ አመለጠኝ ብላ ሳለ ተመልሶ የሚመጣላት። ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ! ለካስ ፊልዲንግ ነገሩን ደብቃው አታውቅም። የመጀመሪያ መጽሐፏን የቀዳችው ከጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ነው፤ የማርክ ዳርሲ ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። ማርክን ሆኖ የሚጫወተው ኮሊን ፈርዝም በ1995 በቢቢሲ ተከታታይ ድራማ የኦስተንን ዳርሲ ሆኖ የሠራው ሰው ነው። ሁለተኛውን መጽሐፍ ደግሞ ከ«ፐርስዌዥን» ቀዳችው። እንግዲህ ያ ያጣጣልኩት ኮሜዲ አያት አለው ማለት ነው። የአያቱን ባለቤት ሕይወት ስከታተል ስለ «ክፍል ሁለት» የነበረኝ አስተያየት ተናጋብኝ።

ጄን ኦስተን የተወለደችው ታኅሣሥ 16 ቀን 1775 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሐምፕሺር ውስጥ፣ ስቲቨንተን በምትባል መንደር ነው። አባቷ ጆርጅ ኦስተን የመንደሩ ቄስ ነበሩ። ስምንት ልጆች ወልደዋል፤ ስድስቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ሴቶች። ጄን ሰባተኛ ናት። የቄስነቱ ገቢ ቤቱን ስለማይችል አባት እርሻ ያርሱ፣ የሰው ልጆችንም ቤታቸው አሳድረው ያስተምሩ ነበር። ጄንና ታላቅ እህቷ ካሳንድራ ጥቂት ጊዜ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር። በሰባት ዓመቷ እዚያ በያዛት ተስቦ ለጥቂት ተረፈች። በአሥራ አንድ ዓመቷ ትምህርቱ አበቃ። የቀረውን የተማረችው ከአባቷ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ የዘመኗን የአልቃሻ ፍቅር ልብ ወለዶች እያሾፈችባቸው ትጽፍ፣ ቤተሰቡም ማታ ማታ እየሰማ ይስቅ ነበር። ሳቅ የጀመረችው ቤት ውስጥ ነው።

ሃያ ዓመት በሞላት ሰሞን፣ በ1795 መጨረሻ፣ ቶም ሌፍሮይ የሚባል አየርላንዳዊ የሕግ ተማሪ ጎረቤት ያሉ ዘመዶቹን ሊጠይቅ መጣ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በተደረጉ ዳንሶች ላይ ሁለቱ ከሰው ዓይን እስኪገቡ ድረስ አብረው ጨፈሩ፤ አብረው ተቀመጡ። እሷ ይህንን ለእህቷ ስትጽፍ በራሷ እየቀለደች ነው። ይሁን እንጂ ቶም የሚማረው በዘመድ ገንዘብ ነበር፤ ከሥሩም የብዙ ሰው ተስፋ አለ። የእሷ አባት ደግሞ የሚሰጡት ጥሎሽ አልነበራቸውም። ዘመዶቹ ነገሩ ሳይጠና ቶሎ አሰናበቱት። ከዚያ ወዲያ ለመገናኘታቸው ማስረጃ የለም። እሱ ሌላ አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ በስተርጅና የአየርላንድ ዋና ዳኛ እስከመሆን ደረሰ። ሽማግሌ ሳለ ስለ እሷ ሲጠየቅ ወድጃት ነበር፣ ግን የልጅ ፍቅር ነበር ማለቱን የወንድሙ ልጅ ተናግሯል።

በ2007 የወጣው «ቢካሚንግ ጄን» የተሰኘ ፊልም ይህችን አጭር ወሬ አንስቶ ትልቅ የፍቅር ታሪክ አድርጎታል። እኔ ግን እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። የጄን መጻሕፍት ሁሉ ለአንድ ቶም የተለቀሰ ልቅሶ ናቸው ማለት የደራሲዋን ሥራ ከእጇ ነጥቆ ለወንድ መስጠት ነው። ቶም ከሄደ በኋላ ያደረገችው ነገር ይታወቃል። በዚያው ዓመት፣ በ1796፣ አዲስ ልብ ወለድ ጀመረች። በዓመቱ ጨረሰችው። ኋላ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የሆነው ይኸው ነው። አባቷ በ1797 ለአንድ የለንደን አሳታሚ ደብዳቤ ጽፈው ላቅርብልዎ ወይ ቢሉት፣ የመጽሐፉን አንድ ገጽ እንኳ ሳያይ አልፈልግም ብሎ መለሰ።

በዚያው ዓመት የካሳንድራ እጮኛ፣ ለሠርጉ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት የጦር ቄስ ሆኖ ወደ ካሪቢያን በሄደበት በቢጫ ወባ ሞተ። ካሳንድራ ሌላ አላገባችም። እህትማማቾቹ በአንድ ክፍል እያደሩ ቀሪ ዘመናቸውን አብረው ኖሩ። ለጄን የቅርብ ሰውዋ፣ የመጀመሪያ አንባቢዋ፣ ምስጢረኛዋ እህቷ ናት።

በ1801 አባት ሥራቸውን ለበኩር ልጃቸው ትተው ቤተሰቡን ይዘው ባዝ ወደምትባለው የመዝናኛ ከተማ ሄዱ። የቤት ዕቃውና መጻሕፍቱ ተሸጡ። ጄን ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ማንም አላማከራትም። በ1802 ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ደግሞ እስካሁን ሰው የሚያከራክረው ነገር ሆነ። ሁለቱ እህትማማቾች ማኒዳውን በሚባለው ትልቅ ርስት የቆዩ ጓደኞቻቸው ዘንድ በእንግድነት ሳሉ፣ የቤቱ ወራሽ ሐሪስ ቢግዊዘር ጄንን ለጋብቻ ጠየቃት። እሱ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ እሷ ሃያ ሰባት ልትሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። አይናፋርና ንግግር የማይሆንለት ልጅ ነበር። ግን ቤት አለው፤ መሬት አለው። እሷን ከጭንቀት፣ ካሳንድራንና ወላጆቿንም ከስጋት የሚያሳርፍ ሀብት አለው።

እሺ አለች። ቤቱ በደስታ ተሞላ። ሌሊቱን ምን እንዳሰበች የጻፈችው ነገር የለም። ሲነጋ ይቅርታ ጠይቃ እምቢ አለች። ሁለቱ እህትማማቾች በዚያው ማለዳ ሠረገላ ተሳፍረው ወደ ወንድማቸው ቤት ገሰገሱ፤ ወንድማቸውንም ዛሬውኑ ባዝ አድርሰን ብለው አስጨነቁት። ሐሪስ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ አግብቶ አሥር ልጆች ወለደ።

ይህን ሳነብ አክስቶቼ ትዝ አሉኝ። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ያ ማለዳ በዋዛ አያልፍም። ምን አጣሽ? ቤት ያለው፣ ጨዋ፣ የምናውቀው ሰው ልጅ! ተብሎ ስንት ምክር ይወርድ ነበር። ምክሩም ክፋት አይደለም። ጄን ያለፈችው ነገር ቀላል አልነበረም። በዚያን ዘመን የአንዲት ቄስ ልጅ ሴት ካላገባች ያላት አማራጭ ወይ የሰው ልጅ እያስተማሩ በሰው ቤት መኖር፣ ወይ የወንድሞችን እጅ ማየት ነው። ሁለተኛው ደረሰባት። በጥር 1805 አባቷ በድንገት ሲሞቱ እናትና ሁለቱ ሴቶች ልጆች ወንድሞች በየዓመቱ በሚያዋጡላቸው ገንዘብ ተዳዳሪ ሆኑ። ከተከራዩት ቤት ወደ አነሰ ኪራይ፣ ከባዝ ወደ ሳውዝሐምፕተን እየተዘዋወሩ አራት ዓመት ተንከራተቱ። አንድ ልብ ወለዷን በ1803 የገዛት አሳታሚም ለሥራው አሥር ፓውንድ ከፍሎ መጽሐፉን ሳያወጣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

ዕድሏ የተመለሰው በ1809 ነው። ሀብታም ዘመዶች እንደ ልጅ ወስደው ያሳደጉት ወንድሟ ኤድዋርድ ቾውተን በምትባል መንደር አንድ ቤት ሰጣቸው። ጄን መስኮት አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የዱሮ ጽሑፎቿን ማረም ጀመረች። በ1811 «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ወጣ። ኪሳራ ቢመጣ የምትከፍለው ራሷ ናት። አልከሰረችም፤ 140 ፓውንድ አተረፈች። ስሟ ግን ሽፋኑ ላይ የለም፤ ደራሲዋ ሴት መሆኗን ብቻ ይናገራል። በ1813 «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ»፣ በ1814 «ማንስፊልድ ፓርክ»፣ በ1815 መጨረሻ «ኤማ» ተከተሉ። የልዑል አልጋ ወራሹ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ስለ ንጉሣዊ ቤተሰብ አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ ብትጽፊ ሲል ቢመክራት፣ እኔ ሳልስቅ መጻፍ አይሆንልኝም የሚል መንፈስ ያለው ትሑት መልስ ላከችለት። በራሷ መንገድ ጻፈች። ምክር መስማትም፣ ምክር አለመስማትም ለምዳለች።

ወደ «ፐርስዌዥን» የመጣችው እንዲህ ሆና ነው። በነሐሴ 1815 ስትጀምረው አርባ ልትሞላ አራት ወር ቀርቷታል። ከዚያ በፊት የጻፈቻቸው ታሪኮች ወጣቶች ተገናኝተው፣ ተጋጭተው፣ ተጋብተው ያልቃሉ። ይኸኛው የሚጀምረው ሌሎቹ ሊያልቁ ከሚገባቸው ቦታ ነው። አን ኤልየት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ፍሬድሪክ ዌንትዎርዝ የተባለ ድሃ የባሕር ኃይል መኮንን ወድዳ ታጭታ ነበር። እንደ እናት የምታያት ሌዲ ራስል ይህ ሰው ገንዘብ የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ ነገውን አያውቅም ብላ አግባባቻት። አን አፈረሰችው። ታሪኩ ሲከፈት ስምንት ዓመት አልፏል። አን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ውበቷ ረግፏል ይባላል፤ ቤት ውስጥ የሚሰማት የለም። ዌንትዎርዝ ግን ተመልሶ መጥቷል።

ሀብታም ሆኖ ነው የመጣው። በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የማረከው የጠላት መርከብ ዋጋ ለመርከበኞቹ ይከፋፈል፣ ለካፒቴኑም ጠቀም ያለ ድርሻ ይደርሰው ነበር። ጄን ይህን ከሩቅ አልሰማችም። ሁለት ወንድሞቿ ፍራንክና ቻርልስ የባሕር ኃይል መኮንኖች ነበሩ። ቻርልስ በአንድ ወቅት ከምርኮ ድርሻው ላይ ለሁለት እህቶቹ የወርቅ ሐብልና የቶፓዝ መስቀል ገዝቶ ልኳል። እናም ዌንትዎርዝ 25 ሺህ ፓውንድ ይዞ፣ ቂሙንም ይዞ፣ አን ባለችበት መንደር ከሌሎች ልጃገረዶች ጋር ይሽኮረመማል። እሷ ደግሞ እየፈገገች ፒያኖ ትመታላቸዋለች። ብሪጅት ማርክን ከሌላ ሴት ጋር እያየች ስትቁነጠነጥ የሳቅንበት ነገር መነሻው ይህ ነው። ፊልዲንግ የሌዲ ራስልን ወንበር ለብሪጅት ጓደኞችና «ራስህን አሻሽል» ለሚሉ መጻሕፍት ሰጠችው። ፊልሙ ከዚያም ርቆ ሄደ፤ ብሪጅት የተቀናቀነቻት ሴት የምትወደው ማርክን ሳይሆን ብሪጅትን ራሷን ሆና ተገኘች።

ጄን ሌዲ ራስልን ክፉ አላደረገቻትም፤ ሥራዋን የማደንቅላት በዚህ ነው። ሴትዮዋ አንን ትወዳለች፤ ስጋቷም ውሸት አልነበረም። አን ራሷ በመጨረሻ ምክሩ ስህተት ነበር፣ እኔ ግን መስማቴ አልጸጸተኝም፣ ሌላ ሰው ላይ ግን እንዲህ ያለ ምክር አልሰጥም በሚል ሐሳብ ነገሩን ትዘጋዋለች። በዘመድ ምክር ሕይወቱ የተጠመዘዘ ሰው ይህንን አንቀጽ ሳይደግመው አያልፍም።

ጄን መጽሐፉን ጨርሳ የመጨረሻውን ቃል የጻፈችው ሐምሌ 18 ቀን 1816 ነው። ያኔ ሰውነቷ መድከም ጀምሮ ነበር። የወንድሟ የሄንሪ ባንክ በመጋቢት ወድቆ ቤተሰቡን ሁሉ አራቁቷል። ጨረስኩ ብላ ማረፍ ትችል ነበር። ነገር ግን ፍጻሜውን ስታነበው አልጣማትም። በዚያ ፍጻሜ ፍቅረኞቹን የሚያስታርቃቸው አጋጣሚ ነው። ዌንትዎርዝ በሌላ ሰው ተልኮ፣ ሌላ ሰው ልታገቢ ነው የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ አንን ይጠይቃታል፤ አይደለም ትላለች፤ አለቀ። ጄን ሰርዛ እንደገና ጻፈችው። በአዲሱ ፍጻሜ አን በሰው በተሞላ ክፍል ውስጥ ቆማ፣ ወንድ ነው ሴት ፍቅርን አጽንቶ የሚይዘው በሚል ክርክር ያመነችውን በራሷ አንደበት ትናገራለች። ተስፋ ቢቆረጥም እንኳ መውደድን የማይተው የሴት ልብ ነው የሚል ነው ክርክሯ። ዌንትዎርዝ ጥግ ላይ ደብዳቤ የሚጽፍ መስሎ ይሰማል። ስሜቱን ወረቀት ላይ አፍስሶ ጠረጴዛው ላይ ጥሎላት ይወጣል። ስምንት ዓመት ሙሉ ሌሎች ሲናገሩላት የኖረች ሴት፣ ሁለተኛ ዕድሏ የመጣው ራሷ በተናገረች ጊዜ ነው። አዲሱ ጽሑፍ በነሐሴ 6 አለቀ።

ለደራሲዋ ግን ሁለተኛ ዕድል አልነበረም። በ1817 መጀመሪያ አዲስ ልብ ወለድ ጀምራ አሥራ ሁለት ምዕራፍ እንዳደረሰች እጇ ዛለ። በግንቦት ለሕክምና ዊንቸስተር ወሰዷት። የበሽታዋ ስም እስከ ዛሬ ሐኪሞችን ያከራክራል። ሐምሌ 18 ቀን 1817 ሊነጋጋ ሲል በካሳንድራ ክንድ ላይ አረፈች። የ«ፐርስዌዥን»ን የመጀመሪያ ፍጻሜ ከጻፈች ልክ በዓመቱ ነው። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። በዘመኑ ልማድ ሴት ቀብር ስለማትሄድ ካሳንድራ የእህቷን አስከሬን የሸኘችው በመስኮት እያየች ነው። በዊንቸስተር ካቴድራል የተቀመጠው የመቃብር ድንጋይ ስለ ደግነቷና ስለ እምነቷ ይናገራል፤ መጽሐፍ መጻፏን አያነሳም። ስሟ ከመጻሕፍቷ ጋር በይፋ የተያያዘው በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ «ፐርስዌዥን» ከሌላ መጽሐፏ ጋር ሲታተም፣ ሄንሪ በመግቢያው ላይ ማንነቷን ሲገልጥ ነው። ካሳንድራ ደግሞ ከመሞቷ በፊት አብዛኛውን ደብዳቤዋን አቃጠለች። የተረፉት 160 ገደማ ናቸው።

በሕይወቷ ከመጻሕፍቷ ያገኘችው ገንዘብ በሙሉ 700 ፓውንድ አይሞላም። ዛሬ ከእሷ ታሪክ የተቀዳችው ብሪጅት አራት ፊልም አላት፤ ሦስተኛው በ2016፣ አራተኛው በ2025 ወጥተዋል። የእንግሊዝ ባንክም ጄን በሞተች በ200 ዓመቷ፣ በ2017፣ መልኳን በአሥር ፓውንድ ኖት ላይ አተመው። አሳታሚው ለቆለፈበት መጽሐፍ የከፈላት ያህል መሆኑ ነው።

ካለቁት ልብ ወለዶቿ መካከል በእጅ ጽሑፏ የተረፉልን እነዚያ የሰረዘቻቸው ሁለት የ«ፐርስዌዥን» ምዕራፎች ብቻ ናቸው። ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የቀሩት ሁሉ ጠፍተው የጣለችው መትረፉ ይገርመኛል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ፊልሙን እንደገና ከፈትኩት። ቀልዱ ያው ነው፤ የታይላንዱ ወህኒ አሁንም አይጥመኝም። ግን መጨረሻ ላይ ብሪጅት ማርክ ሥራ ቦታ ድረስ ሄዳ፣ ሰው እያየ፣ ማንም ሳያማክራት፣ እየተንተባተበች ሁለተኛ ዕድል ትጠይቀዋለች። መጀመሪያ ሳየው ምን ዓይነት ማፈሪያ ነገር ነው ብዬ ነበር። በዚህኛው ጊዜ ድምፁን ጨመር አድርጌ አየሁት።